ከደቻቱ ማዶ

ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የከተማዋን እኩሌታ ብቻ ነው። ከዚራ ያርፋል፤ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ይመላለሳል፤ በቀድሞው የምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በማግሥቱም የጁገልን ግንብ ለማየት ወደ ሐረር ይወጣል። ለምን ቸኰልህ ቢሉት «ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት፤ ምን የሚታይ ታሪክ አላት?» ይላል። የሚያሳዝነው ይህን የሚናገረው እንግዳው ብቻ አለመሆኑ ነው። በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎቼ የኢትዮጵያን ታሪካዊ ሥፍራዎች እንዲጽፉ ባዘዝኋቸው ጊዜ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጐንደርንና ሐረርን አሳምረው ጻፉ፤ ብዙዎቹ የተወለዱባትን መጋላን ግን አንድም ልጅ አላነሣት።

እርግጥ ነው፣ ከተማዋ በዕድሜ ወጣት ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ወደዚያ የሚያስወጣው ተራራ ለባቡር የማይመች ስለ ሆነ መንገዱ ከሥር በሜዳው እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። የኩባንያው ገንዘብ በማለቁ ሥራው ለጥቂት ዓመታት እዚሁ ቆመ፤ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በቆመበት ዘመን ቡናውና ቆዳው በግመልና በበቅሎ እየመጣ እዚህ ተራገፈ፤ ነጋዴውም ተከትሎ መጣ። ከዚራን መሐንዲሶች በማስመሪያ ነደፏት፤ መጋላን ግን ገበያው ራሱ ሠራት። ስሟም ይህንኑ ይናገራል፤ ቃሉ በሐረሪ ገበያ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛም ጥቂት ድምፁን ለወጥ አድርጎ ከተማ ማለት ነው።

በኢጣልያ አገር ፍሎረንስ የምትባል በሥዕልና በሕንፃ የታወቀች ከተማ አለች። ጐብኚው ሁሉ የካቴድራሏን ታላቅ ጕልላት ለማየት ይጐርፋል። አርኖ ከሚባለው ወንዝ ወዲያ ያለው ሰፈር ግን ስሙ ኦልትራርኖ ነው፤ «ከአርኖ ማዶ» ማለት ነው። እንጨት ጠራቢውና ቆዳ ሠሪው ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት በዚያ ነው። ፍሎረንስን በዓይኔ አላየኋትም፤ ስለ እርሷ ሳነብ ግን የሚታወሰኝ ደቻቱ ነው። እንዲያውም መመሳሰሉ በክፉም ጭምር ነው። አርኖ በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት፤ ውሃው የደረሰበት ከፍታ ዛሬም በየግድግዳው ላይ በተለጠፉ ጽላቶች ይታያል።

ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት ውሃ የሌለበት የአሸዋ ወንዝ ነው። የማያውቀው ሰው ሲያየው ሰፊ መንገድ ይመስለዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ግን ከተራራው በሌሊት የወረደው ጐርፍ በእንቅልፍ ላይ የነበረውን ሕዝብ ጠራረገው፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በወንዙ ዳር ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ውሃው የት ደርሶ እንደ ነበረ ስጠይቃቸው ቃል ሳይናገሩ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው በግድግዳው ላይ አሳዩኝ። በዚያ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር አላየሁም።

ወንዙን ተሻግሮ መጋላ የገባ ሰው አስቀድሞ ቀፊራን ይይ። የገበያው ቅስቶች የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው፣ በዐረብ አሠራር የተሠሩ ናቸው። እኔ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች በሥራቸው በየቀኑ እያለፉ ቀና ብለው አላዩአቸውም፤ ጥፋቱ የቲማቲሙና የሽንኩርቱ ክምር ነው እንበል። ከገጠር የመጡት ሴቶች በኦሮምኛና በሶማልኛ ይጫረታሉ፤ ባለሱቁ በአማርኛ ይመልሳል፤ ከወዲያ ደግሞ ሌላው በሐረሪ ይቀልዳል። ጥቂት ቆይታችሁ ብታዳምጡ አንዱ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱን ቋንቋ ሲያዳርስ ትሰማላችሁ። «እርስዎ» የሚለው ቃል በድሬ ብዙ አይሰማም። «አቦ፣ ግባ!» ከተባላችሁ ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ ዘመድ መሆናችሁ ነው። ከገበያው በስተጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ኖራ የተቀቡ አሮጌ ግንቦችና ከባድ የእንጨት በሮች አሉ። ቶሎ መታየት ያለባቸው እነዚህ ናቸው። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ካሳየኋቸው ቤቶች መካከል የአንዱ ቦታ ዘንድሮ የሲሚንቶና የብረት መከመሪያ ሆኖ አገኘሁት። ባለቤቱ ፎቅ ቢሠራ አልወቅሰውም፤ ነገር ግን በሩን እንኳ የሳለው ወይም ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በዚያው በደቻቱ ሽቅብ፣ ከከተማው ወደ ደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ዋሻ ነው። ከወንዙ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በገራድ ኤረር ኮረብታ ጫፍ አጠገብ ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ አገኙት፤ ፖርክ ኤፒክም ተባለ፤ ጃርት ማለት ነው። በ1933 በተደረገው ቁፋሮ የሰው መንጋጋ ስብራት ወጣ። በኋላም በ1970ዎቹ በተቆፈረው አፈር ውስጥ 4,213 ቁራጭ የቀለም ድንጋይ ተገኘ፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ መፍጫ ድንጋዮቹም አብረው ነበሩ። ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚህ የኖሩት ሰዎች ቀዩንና ቢጫውን ድንጋይ እየፈጩ ቀለም ያወጡ ነበር። ከ400 በላይ የሆኑ፣ መካከላቸው ቀዳዳ ያለው የቀንድ አውጣ ክዳኖችም ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎች ዶቃ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ቀለሙ የተመረመረው በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ነው። የመጋላ ልጅ የራሱን ወንዝ ታሪክ ለማየት 500 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት ማለት ነው።

መሄድ የሚፈልግ ከጧቱ 1 ሰዓት ይነሣ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አያስቆምም። አቀበቱ ድንጋያማ ስለ ሆነ ጥሩ ጫማና ውሃ ያስፈልጋል፤ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቆ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአገሩን ሰው ይዞ መሄድ ይሻላል። ከዋሻው መሬት አንዲት ጠጠር እንኳ አንሥቶ በኪስ መክተት አይገባም። በመልሱ መጋላ ላይ ፈጢራ የሚጋገርበት ቤት አይጠፋም፤ ከቀትር በኋላ ግን ብዙው ሱቅ ስለሚዘጋ ከ6 ሰዓት በፊት ድረሱ።