ጃፓንኛ በአማርኛ ጆሮ

ጃፓንኛ መማር የሚጀምር ኢትዮጵያዊ እጁ የሚገባው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው «ጌንኪ» አንዱ ነው። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ አነባበብ የሚሰጠው ምክርም የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ምላስ የት የት እንደሚሰናከል አስቦ የተጻፈ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን መንገድ ብቻ ሲከተል ሁለት ነገር ይጎዳዋል፤ የእርሱ ያልሆነውን ችግር ይሸከማል፣ የራሱን ችግር ደግሞ የሚነግረው አያገኝም። ከአማርኛ ተነሥቶ ወደ ጃፓንኛ መሄድ ግን ይቻላል። መንገዱም ያጥራል።

ጃፓንኛ የመማር ጉዳይ በደቡብ ጎንደር ላለው የፎገራ ሰው ሩቅ አይደለም። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ነበር። ዛሬ በቁሐር ሚካኤልና በወረታ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት መሬት የሩዝ ማሳ ሆኗል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚያው ነው። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) ማዕከሉን ለማጠናከር «ኢትዮራይስ» የተባለውን ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2015 ጀምሯል። የጃፓን በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ ሁሉ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚህ ሁሉ ግንኙነት መካከል የሚቆመው ቋንቋ አሁን በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። አማርኛና ጃፓንኛ ግን ያለ እርሱ ይበልጥ ይቀራረባሉ።

ከአናባቢዎቹ ይጀመር። ጃፓንኛ ያለው አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ እና ኦ ነው፤ አምስቱም አማርኛ ውስጥ አሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የ«ኦ»ን ጫፍ ወደ «ው» ይጎትተዋል፣ «ሳኬ»ን «ሳኪ» ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪ ይህ አያስቸግረውም። የእርሱ ጥንቃቄ ሌላ ቦታ ነው። አማርኛ በቃል መነሻ ላይ ያለን «ኤ» ወደ «የ» ያስጠጋዋል፤ «ኤሊ» በብዙ ሰው አፍ «የሊ» ትመስላለች። ስለዚህ የባቡር ጣቢያ የሚባለው «ኤኪ» «የኪ» እንዳይሆን መጠበቅ አለበት። የጃፓንኛው «ኡ» ደግሞ ከንፈር ሳይሾል የሚነገር ነው። ሳድስን የለመደ አፍ አንድ ትልቅ ጥቅም ያገኛል፦ ጃፓኖች «ዴሱ» ብለው ጽፈው «ዴስ» ይላሉ፤ «ሱኪ» «ስኪ»፣ «አሺታ»ም «አሽታ» ይሆናል። በአማርኛ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

በተነባቢዎቹም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪን ብዙ የሚያለፋው የጃፓንኛ «ረ» ምላስ ድድን አንድ ጊዜ መታ አድርጎ የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ የአማርኛው «ር» ሲላላ እንዲሁ ነው። ጃፓንኛ «ለ» ስለሌለው ላሊበላ በጃፓናዊ አፍ «ራሪቤራ» ትሆናለች። «ፉ» የሚነገረው ጥርስ ከንፈርን ሳይነካ፣ ትኩስ ቡና እንደሚያበርድ ሰው በከንፈር ብቻ እፍ በማለት ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ዋና ችግር ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጡት ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ ናቸው። ጃፓንኛ አንዳቸውም የሉትም። ስለዚህ «ትሱናሚ» በ«ጹ» ሊጀመር አይገባም፤ «ት» እና «ስ» ተጣብቀው፣ ጉሮሮ ክፍት እንደሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። «ን» ከ«ብ» ወይም ከ«ፕ» በፊት ሲመጣ «ም» ይሆናል፤ ጋዜጣ «ሺንቡን» ተብሎ ተጽፎ «ሺምቡን» ይባላል።

መጥበቅና መላላት ለአማርኛ ተናጋሪ ትልቁ ስንቅ ነው። «ገና» ጠብቆና ላልቶ ሁለት ቃል እንደሚሆን ማንም ሕፃን ሳያስተምሩት ያውቃል፤ «ዋና»ም እንዲሁ። በጃፓንኛ «ኦቶ» ሲላላ ድምፅ፣ ሲጠብቅ ባል ነው። «ሳካ» ሲላላ ዳገት፣ ሲጠብቅ ደራሲ ነው። «ኪቴ»ም ሲላላ «ና» እንደማለት ሲሆን፣ ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር ነው። እንግሊዝኛ በቃል ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት ስለሌለው መማሪያዎቹ ብዙ ገጽ ይሰጡታል። የእኛ ፊደል ጥብቀትን አያሳይም፤ የጃፓኑ ሂራጋና ግን በትንሹ በተጻፈች አንዲት ፊደል ያሳያል። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚጠበቅበት ጥብቀቱን ትንሽ ረዘም አድርጎ መያዝ ብቻ ነው።

እውነተኛው ፈተና የአናባቢ ርዝመት ነው። «ኦባሳን» አክስት ናት፤ «ኦባአሳን» አያት። «ዩኪ» በረዶ ነው፤ «ዩኡኪ» ድፍረት። «ኮኮ» እዚህ፤ «ኮኦኮኦ» ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። አማርኛ አናባቢን የሚያስረዝመው ለማጋነን ነው፤ «በጣአአም» ያለ ሰው ቃሉን አልለወጠም። በዚህ ምክንያት የአማርኛ ጆሮ ርዝመቱን ይሰማዋል፣ ግን እንደ ትርፍ ነገር ይጥለዋል። አያት አክስት የምትሆነው ያኔ ነው።

መድኃኒቱ ምት መቁጠር ነው። ጃፓንኛ የሚነገረው በእኩል ምት ነው። «ኦ፣ ባ፣ ሳ፣ ን» አራት ምት፤ «ኦ፣ ባ፣ አ፣ ሳ፣ ን» አምስት ምት። የቶክዮ ከተማ ስምም በጃፓንኛ ሁለት ሳይሆን «ቶ፣ ኦ፣ ክዮ፣ ኦ» ተብሎ አራት ምት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ን» ብቻውን አንድ ምት ይወስዳል፤ የጠበቀ ተነባቢም እንዲሁ አንድ ምት ይጨምራል። በአምስት፣ በሰባትና በአምስት ምት የሚገጠመው ሃይኩ የሚቆጠረው በዚሁ ልክ ነው። ተማሪው እያንዳንዱን አዲስ ቃል እያጨበጨበ ቢያጠና ርዝመቱ ከቃሉ ጋር አብሮ ይያዛል። ማስታወሻ ሲይዝም ረጅሙን አናባቢ አንድ ፊደል ጨምሮ ቢጽፈው አይረሳውም።

ከርዝመት ቀጥሎ የድምፅ ከፍታ ይመጣል። በቶክዮ አነጋገር «ሃሺ» ከፍ ብሎ ተነሥቶ ዝቅ ሲል የመመገቢያ እንጨት፣ ዝቅ ብሎ ተነሥቶ ከፍ ሲል ድልድይ ነው። «አሜ»ም በዚሁ መንገድ ዝናብ ወይም ከረሜላ ይሆናል። በኦሳካ አካባቢ ከፍታው ይለያል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንዱን ክፍለ ቃል ጫን ብሎ ሌላውን ስለሚውጥ እዚህ ላይ ብዙ ይቸገራል። የአማርኛ ጫና ቀለል ያለና የተሰራጨ ስለሆነ የተሻለ መነሻ አለው። ጀማሪ ከፍታን ከርዝመት ማስቀደም የለበትም፤ ከፍታ ቢሳሳት አውዱ ያቃናል፣ ርዝመት ቢሳሳት ግን ቃሉ ይጠፋል።

የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ይበልጥ ያስደስታል። በሁለቱም ቋንቋዎች ግሥ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል። «ፎገራ ቶ ዩኡ ቶኮሮ» ቃል በቃል «ፎገራ የሚባል ቦታ» ነው። «ታቤቴ፣ ኖንዴ፣ ኢኪማሽታ» ማለት «በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሄደ» ነው። አንድ ጃፓናዊ የወረታን ሩዝ ከቀመሰ በኋላ «ፎገራ ኖ ኦኮሜ ኦ ታቤቴ ሚማሽታ» ሊል ይችላል። «ታቤቴ» በልቼ፣ «ሚማሽታ» አየሁ፤ ሲጠቃለል «የፎገራን ሩዝ በልቼ አየሁ» ነው። መሞከርን በ«ማየት» መግለጽ የሁለቱም ቋንቋዎች ልማድ ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ሰዋስው ለመረዳት ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ግን እንደተነገረ መከተል ይበቃል። ልዩነቱ የጃፓንኛ ግሥ ባለቤቱን አለመናገሩ ነው፤ ማን እንደበላ የሚታወቀው ከአውዱ ነው።

አክብሮት በሁለቱም ቋንቋዎች ግሥ ውስጥ ይገባል። «ይበላሉ» እና «ትበላለህ» ለየሰዉ እንደሚለያዩ ሁሉ፣ ለማያውቁት ሰውና ለታላቅ «ታቤማስ»፣ ለቅርብ ጓደኛ «ታቤሩ» ይባላል። ለሚያነጋግሩት ሰው «አናታ» ከማለት ስሙን ጠርቶ «ሳን» ማስከተል ይመረጣል፤ «ሳን» ግን በራስ ስም ላይ አይደረግም። ሌላው ሲናገር በመሃል «ሃይ» ወይም «ሶኦ ዴስ ካ» ማለት ማዳመጥን ያሳያል፤ አማርኛ ተናጋሪም «እህ» እያለ ያዳምጣል። «ሃይ» ሁልጊዜ «ተስማምቻለሁ» ማለት እንዳልሆነ ግን ማወቅ ያሻል።

ልምምዱም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሂራጋና ይጠና፤ 46ቱ መሠረታዊ ፊደላት ሀ ሁን ለቆጠረ ሰው እንግዳ አይደሉም፣ በላቲን የተጻፈ ጃፓንኛ ደግሞ ሳያስቡት ወደ እንግሊዝኛ አነባበብ ይጎትታል። ቀጥሎ አጭር ቅጂ እየሰሙ ከተናጋሪው እግር በእግር መድገም፣ ድምፅን በስልክ መቅዳትና ከዋናው ጋር ማስተያየት ነው። ሲያስተያዩ በመጀመሪያ ርዝመት፣ ከዚያ የጉሮሮ መዘጋት፣ በመጨረሻም ከፍታ ይፈተሽ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማረም የሞከረ አንዱንም አያርምም።

እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረው፣ ኤቢኢ ኢኒሼቲቭ በተባለው የጃፓን የትምህርት ዕድልና በሌሎች ዕድሎች ጃፓን ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን አሉ። በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የአማርኛን ድምፅና ሰዋስው ጠንቅቀው የሚያውቁ መምህራን አሉ። እነዚህ ሁለት ወገኖች ተቀምጠው ከአማርኛ የሚነሣ፣ የአማርኛ ተናጋሪን እውነተኛ ችግር የሚያስቀድም የጃፓንኛ መማሪያ ያዘጋጁ። ለፎገራ ወጣትም፣ ፎገራ ለሚመጣው ጃፓናዊም ይጠቅማል።