የበርሜሉ ክዳን

የፋሲካ ሰሞን ነው። የዶሮውንም የበጉንም አጥንት፣ የሽንኩርቱንም ልጣጭ በአንድ ማዳበሪያ አጭቄ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ልጆች በጠዋት ይመጣሉ ብዬ ማታውኑ በር ላይ አወጣሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናቶችን «ቆሻሻ ክደኑ» እያልኩ ያስተማርኩ ነርስ ነኝ እንግዲህ!

ሌሊቱን ውሾች ቀደዱት። ሲነጋ ቁራዎች ወረዱበት፣ ጭልፊቶችም ከላይ ይዞሩ ጀመር። የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ወፎቹን ላባርር ብሎ ሮጠ፤ ከማዳበሪያው ጀርባ አጥንት ይዞ የተኛውን ውሻ አላየውም። ባቱን ነከሰው።

ቧንቧ ከፍቼ ቁስሉን በሳሙና 15 ደቂቃ አጠብኩት። ልጁ ይጮኻል፣ እናቱ «እማዬ፣ ይበቃል፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ትላለች፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ ማጠቡና በጊዜ መከተቡ ነው ያለው። አንዷ ጎረቤቴ ጸበል ይቅደም ብላኝ ነበር። ጸበሉ ከክትባቱ በኋላም ይደርሳል አልኳት። ውሻው ስለጠፋ ክትባቱን አንድም ሳይቀር ወሰደ።

ሌላው ጎረቤት መርዝ እንበትን አለ። እኔ እምቢ አልኩ። መርዝ የበላችውን አይጥ ድመትም ጭልፊትም ይበላታል፣ የሕፃን እጅም የማይደርስበት የለም።

ፕላስቲክ ባልዲ ሞከርኩ፤ በሳምንቱ አይጥ ከሥሩ በላው። ከዚያ ከምናለሽ ተራ ክዳን ያለው የብረት በርሜል ገዛሁና ሁለት ብሎኬት ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ እንዲወጣ የበሳሁትን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ሸፈንኩ፤ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ለአይጥ ሰፊ በር ነው። ድመት ክዳኑን እየገፋች ስላስቸገረችኝ በካላማዳሪ ቁራጭ ጠፈርኩት። ቁራና ጭልፊት የሚፈልጉት በዓይናቸው ነው፤ ካላዩ አይወርዱም። ውሻና አይጥ ግን በአፍንጫቸው ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ አጥንቱን በፌስታል ጠበቅ አድርጌ እቋጥራለሁ፣ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ ልጣጩን ጓሮ እቀብረዋለሁ። ዝንቡም ቀነሰ። ማዳበሪያው አሁን በርሜሉ ውስጥ ይቆይና የሰብሳቢዎቹ ፊሽካ ሲሰማ ብቻ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቴ አምልጠውኛል፣ በነጠላ ጫማ ጋሪያቸውን ተከትዬ ሮጫለሁ።

ልጁ ዛሬም ውሻ ሲያይ ቀሚሴን ይይዛል። ማታ ማታ ግን በርሜሉን የሚዘጋው እሱ ነው። ካላማዳሪውን ሁለቴ ያዞራል፣ ይጎትታል፣ ከዚያ «አያቴ፣ ነይ እዪው» ይለኛል። ሄጄ አያለሁ።