የስንብት ቅጽ

ዕድሜያቸውን በአንድ የንግድ ድርጅት መዝገብ ቤት ፈጽመው ጡረታ የወጡ አዛውንት ጎረቤቴ፣ በመጨረሻው ሳምንት ዕዳ የሌለባቸው መሆኑን ለማስመስከር፣ ቅጹን ይዘው ከንብረት ክፍል ወደ ሒሳብ ክፍል ፊርማ ሲለምኑ ሰነበቱ፤ የመዝገብ ቤቱንም ቁልፍ ያስረከቡት፣ አለቃቸው ስብሰባ ላይ ነበሩና፣ ለበሩ ዘበኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተሰናባች የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት እንዲፈጸምለት፣ የአገልግሎት ዘመኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ያለ ዋጋ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ መልካም ሥርዐት ነው። ምስጋና ግን ከአለቃ ልቡና እንጂ ከአንቀጽ አይመነጭምና፣ አለቃቸው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በባልደረቦቻቸው ፊት ስማቸውን በክብር ጠርተው፣ እስከ ደጃፍ ቢሸኟቸው ምን ይጎድልባቸው ነበር? በዚህ ወር ሠራተኛ የምታሰናብቱ አለቆች ሆይ፣ ይህን ታደርጉ ዘንድ እማልዳችኋለሁ።