ከመድፍ የሚተኮስ ራዲዮ

ጋዜጠኝነት ተምረን ለወጣን ለኛ ራዲዮ ማለት ስቱዲዮ፣ ማይክና «ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን» ነው። ሰሞኑን ልባችንን የሰረቀው ግን ሌላ ዓይነት ራዲዮ ነው። ይሄኛው ከመድፍ ይተኮሳል፤ እየበረረም ሪፖርት ይልካል። (የቀጥታ ስርጭት ይሏል ይሄ ነው!)

ነገሩን ያገኘነው ስለ ሃርፕ ፕሮጀክት ስናነብ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካናዳዊው ኢንጂነር ጄራልድ ቡል ከማክጊል ዩኒቨርሲቲና ከአሜሪካ ጦር ጋር ሆኖ ባርቤዶስ ደሴት ላይ ባለ 406 ሚሊ ሜትር የመርከብ መድፍ ተከለ፤ የላይኛውን አየርና ነፋስ ሊያጠና። በ1966 አሪዞና ውስጥ ዩማ ላይ የተተከለው ተመሳሳይ መድፍ ጥይቱን 180 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ሰደደው።

እናላችሁ፣ ኤሌክትሮኒክሱ እንዴት ተረፈ? ቱቦው ውስጥ ፍጥንጥነቱ ከመሬት ስበት 10,000 እጥፍ ቢደርስ 1 ግራም የነበረች ሽቦ እንደ 10 ኪሎ ትከብዳለች። የኛ ሞባይል ከታክሲ ወንበር ወድቆ እንኳ ይሰነጠቃል! መፍትሄው ባትሪውንም አስተላላፊውንም ደርቆ ድንጋይ በሚሆን ሙጫ መሙላት ነው። መነቃነቂያ ያጣ ነገር በቀላሉ አይሰበርም።

ከሁሉም የወደድነው ግን ያውሶንድ የሚሉትን ነው። አረሩ አፍንጫ ላይ ይገጠማል። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች፣ ከስንጥቆቹ ጀርባ ብርሃን ሲነካቸው ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ሴሎች አሉት። አረሩ በዞረ ቁጥር ፀሐይ በስንጥቁ ብልጭ ትላለች፤ ብልጭታው በራዲዮ መሬት ላይ ላሉት ይደርሳል። ብልጭታውን ቆጥረው በሰከንድ ስንቴ እንደሚሽከረከር ያውቃሉ። ስንጥቆቹ እርስ በርስ አጋድለው ስለተሰሩ ደግሞ በሁለቱ ብልጭታ መሃል ያለው ጊዜ አፍንጫው ከፀሐይ አንጻር ምን ያህል እንዳዘነበለ ያሳብቃል። ብዙ የሚወዛወዝ አረር አየር ይይዘውና ካሰቡለት ሳይደርስ ይወድቃል።

እዚህ ጋ ስንደርስ ዝም ተባባልን። ውዝወዛው ተለክቶ ሲስተካከል አረሩ የታሰበበት ያርፋል፤ የታሰበበት ቦታ ደግሞ ሰው አለ። ከመካከላችን «ልኬት ልኬት ነው፤ ነፋስም ተጠንቶበታል» ብሎ የተከራከረ ነበር። ልክ ነው፣ ተጠንቶበታል። የቡል መጨረሻ ግን ብዙዎቻችንን እንድንስማማ አላደረገንም። የሃርፕ ገንዘብ በ1967 ተቋረጠ። ሰውየው በኋላ ለሳዳም ሁሴን ኢራቅ ባቢሎን የተባለ ግዙፍ መድፍ ሲሰራ ቆይቶ በማርች 1990 ብራስልስ ውስጥ አፓርታማው በር ላይ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ አልተያዘም።