በታሸገ ፖስታ ውስጥ የነበረ ስም

እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቦይልስተን ለተባለው የሕክምና ሽልማት የቀረቡትን ድርሳናት የመረመሩት ዳኞች፣ በሽልማቱ ሥርዓት የደራሲው ስም በታሸገ ፖስታ ተከቶ ድርሳኑ ብቻ በፊታቸው ይቀርብ ስለ ነበር፣ ከሁሉ ይበልጣል ያሉት ጽሑፍ የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ፈረዱለት፤ በፖስታው ውስጥ የነበረው ስም ግን የሴት ነበር። ሜሪ ፑትናም ጃኮቢ ትባላለች፤ የፓሪስ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበላት ሴት እርሷ ናት፤ የሸለማት ሃርቫርድ ግን በሕክምና ትምህርት ቤቱ ሴት ተማሪ የተቀበለው ገና በ1945 ነው።

ለ1876ቱ ሽልማት የቀረበው ጥያቄ፣ ሴቶች ልማደ አንስት በሚመጣባቸው ቀኖች ከአእምሮና ከአካል ሥራ ማረፍ ያስፈልጋቸዋልን፣ የሚያስፈልጋቸውስ ከሆነ እስከ ምን ድረስ ነው የሚል ነበር። ጥያቄው እንዲያው የተነሣ አልነበረም፤ ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ሐኪም ኤድዋርድ ክላርክ፣ ልጃገረድ እንደ ወንድሞቿ በትምህርት ብትደክም ለማኅፀኗ ሊውል የሚገባው ኃይል ወደ አንጎሏ ይሄዳልና ጤናዋም ወላድነቷም ይጎዳል ብሎ መጽሐፍ አሳትሞ ብዙ ተከታይ አግኝቶ ነበር። የክላርክ ማስረጃ በሐኪምነቱ ያያቸው የጥቂት ልጃገረዶች ታሪክ ነበር። ጃኮቢ ግን አንድ ሺህ የጥያቄ ወረቀት ለሴቶች በተነች፤ ከ268ቱ መልስ አገኘች፤ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ትምህርታቸው፣ በእግራቸው ምን ያህል መጓዝ እንደሚችሉ የነገሯትን በሰንጠረዥ አሰፈረች፤ ከዚያም የደም ሥርን ምት በወረቀት ላይ በሚስል መሣሪያ የሴቶችን ምት፣ ደግሞም ጉልበታቸውን፣ ከወር አበባው በፊት፣ በጊዜውና ከኋላው ለካች። የደረሰችበትም ፍርድ፣ የወር አበባዋ በጤናማ ሁኔታ የሚመጣ ሴት ስለ እርሱ ብላ ሥራዋን ታቋርጥ ዘንድ የሚያስገድድ ማስረጃ የለም የሚል ነው። ሆርሞን የሚለው ቃል ራሱ ገና በ1905፣ እርሷ ከመሞቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የተፈጠረ መሆኑን ስናስብ፣ ይህች ሴት ስም ያልወጣለትን ነገር በደም ሥር ምት ተከትላ ማደኗ ያስደንቀኛል።

ስለ እርሷ ማሰብ የጀመርሁት በአሜሪካ በአንድ የምርምር ክፍል ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ነው። የምናጠናው፣ የሴት ልጅ ሆርሞን በወሩ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የሩጫ አቅሟ አብሮ ይለወጥ እንደ ሆነ ነበር። እኔ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሉን ከፍቼ፣ መሮጫውን ማሽን አብርቼ፣ ሴቶቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ሲመጡ ደማቸውን እቀዳለሁ፤ ማታ ደግሞ በየቤታቸው እየደወልሁ የጠዋት የሰውነት ሙቀታቸውን፣ የሽንት ምርመራ ወረቀቱ ምን እንዳሳየ፣ ደሙ በየትኛው ቀን እንደ ጀመረ እጠይቃለሁ። ሥራው ሁሉ ይኸው ነው፤ ቀን መቁጠር፣ እንደ ገና መቁጠር፣ የቀረችውን መለመን፣ የተቆጣችውን ማባበል።

አንድ ቀን የአርሲ ተወላጅ የሆነች፣ በልጅነቷ በበቆጂ ሜዳ የሮጠች፣ አሁን የነርስ ትምህርት የምትማር ልጅ መጣች። የምዝገባውን ቅጽ ይዤ፣ «የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ በክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሌላ ሰው ሳይኖር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ይሄንን አሰልጣኜ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም» አለችኝ። ከሰባት ወር በላይ ሆኗት ነበር። መቅረቱን የጥንካሬ ምልክት አድርጋ ነበር የቆጠረችው፤ አብረዋት የሚሮጡት ልጆችም እንዲሁ ይሉ ነበርና። ምግቡ ከድካሙ ሲያንስ አንጎል የእንቁላል ዕጢውን ዝም ያሰኘዋል፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲያንስም አጥንት እንደሚሳሳ የባርባራ ድሪንክዋተርና የባልደረቦቿ ጥናት በ1984 ካሳየ ብዙ ዘመን ነው፤ ልጅቱ ግን ይህን ከማንም አልሰማችም ነበር። እኔም የማውቀውን ነግሬ ወደ ሐኪም ላክኋት። ወደ ጥናቱ ግን ልትገባ አልቻለችም፤ የጥናቱ ሥርዓት የሚቀበለው ዑደቷ የተስተካከለ ሴት ብቻ ነበርና፣ በስሟ አጠገብ የመሰረዣውን መስመር ያሰመርሁት እኔ ነኝ። ሥርዓቱ ያለ ምክንያት አልተሠራም፤ የሆርሞንን መውጣትና መውረድ ለመለካት በመጀመሪያ የሚወጣና የሚወርድ ሆርሞን መኖር አለበት። ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ ልትጠና የሚገባት እርሷ ትመስለኝ ነበር።

ነገሩ ለምን እንደሚከብድ ላስረዳ። የሴት ልጅ ዑደት በመጽሐፍ 28 ቀን ይባል እንጂ ከ21 እስከ 35 ቀን ድረስ ያለው ሁሉ ጤናማ ነው። ደሙ በሚፈስስባቸው ቀኖች ሁለቱ ዋና ሆርሞኖች፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን፣ ዝቅ ብለው ይቆያሉ፤ ከዚያ ኤስትሮጅን እያደገ ሄዶ እንቁላሉ ሊወጣ ሲል ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ይነሣል፤ በእርሱም ምክንያት የሰውነት ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። እንግዲህ አንዲት ሴት ዛሬ በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለች በእርግጥ ለማወቅ ቀን መቁጠር አይበቃም፤ ደም መቅዳት፣ ሽንት መመርመር፣ ያንኑም ለሁለትና ለሦስት ወር መደጋገም ያስፈልጋል። ወንድን ለማጥናት ግን ማክሰኞ ጠርቶ ሐሙስ መልቀቅ ይቻላል።

ውጤቱም የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2020 በስፖርት ሳይንስ መጽሔቶች የታተሙ 5,261 ጽሑፎች ተመርምረው፣ ሴቶችን ብቻ ያጠኑት 6 በመቶ ሲሆኑ ወንዶችን ብቻ ያጠኑት 31 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ኬሊ ማክነልቲና ባልደረቦቿ በ2020 በዚሁ በእኛ ርእስ ላይ የተሠሩ 78 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ በወር አበባ የመጀመሪያ ቀኖች አቅም በጥቂቱ ዝቅ ሊል ይችል ይሆናል፣ ልዩነቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው፣ ከጥናቶቹም ብዙዎቹ በጥራት ደካሞች ናቸውና ለሁሉ ሴት የሚሆን ሕግ ከዚህ አይወጣም፣ እያንዳንዷ በራሷ ትታይ አሉ። ከጃኮቢ ድርሳን እስከዚህ ድረስ 144 ዓመት ነው።

ይህ ለምን ሆነ ብዬ ሳስብ፣ መልሱን ያገኘሁት በሴት አካል ውስጥ ሳይሆን የሊቃውንት ሥራ በሚመዘንበት ሚዛን ውስጥ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 በፊላደልፊያ የሳይንስ ጥቅሶችን መዝገብ ሲያሳትም፣ አሳቡ አንዱ ጽሑፍ ሌላውን ወዴት እንደሚመራ ለመፈለግ እንዲረዳ ነበር፤ ሰውን በእርሱ መመዘን ከኋላ የመጣ ልማድ ነው። በ2005 ደግሞ በካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ሆርሄ ሂርሽ የአንድን ሰው ሥራ ሁሉ በአንድ ቁጥር የሚያስር መለኪያ አወጣ፤ ኤች-ኢንዴክስ ይባላል፤ ቁጥሩ 20 የሆነ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ብቻውን ጽፎት እንደ ሆነ ወይም ከአምሳ ሰዎች ጋር፣ ደሙን የቀዳው እርሱ እንደ ሆነ ወይም ሌላ፣ ቁጥሩ አይናገርም። ሹመትና ገንዘብ በእንዲህ ያለ ቁጥር በሚታደልበት ቤት፣ ሦስት ወር ቆይታ አንድ ጽሑፍ ከምታስገኝ ሴት ይልቅ በሦስት ቀን የሚጠናው ወንድ ቢመረጥ የአጥኚው ክፋት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሚዛኑ ያስተማረውን ነው የሚሠራው። የሴቶቹ ከጥናት መጉደልና እንደ እኔ ቀኑን የሚቆጥሩት ሠራተኞች ከደራሲነት መጉደል ለእኔ አንድ ጉድለት የሆነው በዚህ ነው፤ አድካሚው ቆጠራ ዋጋ ከሌለው ቆጠራ የሚሻው አካል አይጠናም።

የእኛ ጥናት በታተመ ጊዜ ከደራሲዎቹ ስሞች መካከል የእኔ አልነበረም፤ በምስጋናው አንቀጽ ላይ የምርምር ክፍሉ ሠራተኞች በጅምላ ተመስግነዋል። የጥናቱ መሪ ደግ ሰው ነበረ፤ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ባወጣው ደንብም ደራሲ ለመባል በሥራው መሳተፍ ብቻ አይበቃም፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ስለ ሥራው ሁሉ ተጠያቂ መሆን ጭምር ያስፈልጋል። ረቂቁ ግን ወደ እኔ ስላልመጣ ላርመውም ላጸድቀውም አልቻልሁም። እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት አሳየኝ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ የምርምር ቡድኖች ተመርምረው፣ በአንድ ቡድን ከሚሠሩት ሴቲቱ በጽሑፉ ላይ ስሟ የመጠቀሱ ዕድል ከወንዱ በ13 በመቶ ያህል ያንሳል።

ያን ጊዜ ትዝ ያሉኝ የአገራችን የብራና መጻሕፍት ናቸው። በብዙዎቹ ፍጻሜ ላይ የሚገኘው ጸሎት ምሕረትን የሚለምነው ለጻፈው ብቻ አይደለም፤ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ቃሉንም ለሰማው ሁሉ ነው። በዘመናችንም መጽሔቶች የሥራ ድርሻን በ14 ክፍል ለይተው፣ አሳቡን ያመነጨውን፣ ምርመራውን ያካሄደውን፣ መረጃውን የጠበቀውን እያንዳንዱን በስሙ መጻፍ ጀምረዋል፤ መልካም ጅምር ነው፤ ድርሻው የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በደራሲነት ለተመዘገበ ሰው ስለ ሆነ፣ ከበሩ ውጭ የቆመውን አያገባውም። የብራናው ጸሎት በዚህ ይበልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ጃኮቢ ልመለስ፤ በሕይወቷ መጨረሻ በአንጎሏ ሽፋን ላይ ዕጢ በቅሎባት፣ የሕመሟን የመጀመሪያ ምልክቶች እንደ ሐኪም አንድ በአንድ ጽፋ ትታለች፤ በርእሱም ላይ ጸሐፊዋ የሞተችበት ሕመም እንደ ሆነና በራሷ እጅ እንደ ተጻፈ አስፍራበታለች። ተመርማሪዋም መርማሪዋም ጸሐፊዋም አንዲት ሴት ናት።

ያችን የአርሲ ልጅ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም ነበር። ጥናቱ ከተዘጋ በኋላ አንድ ምሽት ስልኬ ጮኸ፤ «እትዬ፣ ረሱኝ እንዴ?» አለችና ጥቂት ዝም ብላ፣ «ዛሬ አንደኛ ቀኔ ነው» አለችኝ። የምመዘግብበት ቅጽ አልነበረኝም፤ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ዘንድ ሄጄ ቀኑን በእርሳስ ከበብሁት።