የባሕር ዳር ክረምት በሆመቾ

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ መምህራችን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ አነበቡልን። ነገሩ በአውሮፓ ስላለች አንዲት የባሕር ዳር ከተማ የክረምት ኑሮ ነበር። የበጋ እንግዶች ወደየቤታቸው ተመልሰዋል፤ ሆቴሎቹ መስኮታቸውን ዘግተዋል፤ በባሕሩ ዳር የሚታዩት ጥቂት ሽማግሌዎችና አንድ ሁለት ውሾች ብቻ ናቸው። መምህሩ መጽሐፉን ዘጉና «እናንተም ከምታውቁት ስፍራ ይህን የመሰለ ጽፋችሁ ከዕረፍት ስትመለሱ አምጡልኝ» አሉን።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ፍረዱ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር በር የላትም፤ እኛ ደግሞ ሁላችንም ከዚያ ወዲህ የተወለድን ነን። ከክፍላችን ባሕር ያየ አንድም ሰው አልተገኘም። አንዱ የጎጃም ልጅ ግን «ለእኔማ ቀላል ነው» ብሎ በዚያው ሌሊት ስለ ባሕር ዳር ከተማ አምስት ገጽ ጻፈ። ጣናንና የደንገሉን ታንኳ አሳምሮ ገልጾታል። መምህሩም እየሳቁ መለሱለት። አንዲት ልጅ ደግሞ «ለመሆኑ ክረምት የሚሉት የእኛውን ነው ወይስ የእነሱን?» ብላ ጠየቀች። እንደ ቀልድ ተሳቀ እንጂ ጥያቄዋ ቀልድ አልነበረም። የእነሱ ክረምት ታኅሣሥና ጥር ነው፤ በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ገበሬው በጠራራ ፀሐይ እህሉን ይወቃል። መዝገበ ቃላት ግን ሁለቱን አንድ ቃል አድርጎ ያልፋቸዋል።

እኔም ይህን በሆዴ ይዤ ከ6 ኪሎ ተነሣሁ። በቡታጅራና በወራቤ በኩል እስከ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሆሳዕና እስከ ሆመቾ ያለው መንገድ ከዚያ እጅግ ያጥራል፤ በሐምሌ ግን ማጠሩ አይታወቅም። መኪናችን ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዛት። ወርደን ገፋን። ከተማ ለብሼው የመጣሁት ሱሪ እስከ ጉልበቴ ቀይ አፈር ሆነ። እናቴ በር ላይ ስታየኝ ከመሳሟ በፊት «ጫማህን እዚያው!» አለችኝ።

ሆመቾ በክረምት የምትሰማ ከተማ ናት እንጂ የምትታይ አይደለችም። ማለዳ ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ሰው የሚታወቀው በድምፁ ነው። ከእንሰቱ መካከል አንዱ «ጡማ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ከማይታይበት ሆኖ «ጡማ» ይለዋል። የእንሰቱ ቅጠል እንደ ጃንጥላ ዝናቡን ይቀበልና ዝናቡ ካባራ በኋላም ለብቻው ያንጠባጥባል። ባጃጆቹ ከአስፋልቱ ፈቀቅ አይሉም። ሴቶች ኮንጎ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው ወደ ገበያ ይወርዳሉ፤ ገበያ ሲደርሱ እግራቸውን በኩሬ አጥበው ያጠልቁታል። ይህን በልጅነቴ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ትኩር ብዬ ያየሁት ግን የቤት ሥራ ስለ ነበረብኝ ባለፈው ክረምት ነው።

ክረምት ጎተራ የሚጎድልበት ወራት ነው። ስንዴው ገና ሣር ነው። ሰውን የሚያሻግረው እንሰት ነው፤ የቆጮው ጉድጓድ ተከፍቶ ቅጠሉ ሲገለጥ የሚወጣው ሽታ እንግዳን ያስነጥሳል፤ እኔን ግን አገሬ መግባቴን የሚነግረኝ እሱ ነው። ምጣዱ ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ቆጮ ከጎመንና ከትንሽ አይብ ጋር ሲቀርብ፣ በዶርም የምንበላውን ምግብ አስታውሼ ዝም አልሁ። ቅቤ ግን አይነካም። ሴቶቹ ተራ በተራ እያዋጡ የሚያጠራቅሙት ቅቤ ለመስከረም ነው፤ ያሆዴ ሲደርስ ለአታካናው ያስፈልጋል። ወንዶቹም በየሳምንቱ ለበሬው ያስቀምጣሉ። በሐምሌ ረኃብ ላይ ተቀምጦ የመስከረምን ጥጋብ መቁጠር የእኛ ሰው ልማድ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው መሬቱ ወደ ግቤ ሸለቆ እያዘቀዘቀ ሲወርድ ያያል። በሐምሌ ማለዳ ግን ሸለቆ የሚባል ነገር የለም። ጉሙ ሞልቶት ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ይተኛል፤ ከማዶ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ይላል። አንድ ቀን እዚያ ቆሜ ደብተሬን አውጥቼ ስጽፍ ላሞች የሚነዳ ጎረቤታችን አየኝና «ምን ጠፋብህ?» አለኝ። ባሕር እያየሁ ነው ብለው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ያሳብዳል የሚለውን ወሬ ማጽናት ይሆንብኛል ብዬ ዝም አልሁ። ይሁን እንጂ ያን ያህል አልተሳሳትሁም። ይኸው ወንዝ ወደ ታች ወርዶ ኦሞ ከተባለ በኋላ 243 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተዘግቷል። ግቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን ከኋላው የተኛው ውሃ በገደሉ ውስጥ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። የሚያመነጨው ኀይል እስከ 1,870 ሜጋ ዋት ይደርሳል። በዚያ ሰሞን እኛ ቤት መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ስለ ነበረ ይህን ቍጥር የጻፍሁት በሻማ ነው።

በሰፈራችን ባሕር ያዩ አንድ ሰው አሉ። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ምጽዋ እስከ የካቲት 1982 ዓ.ም. ድረስ በመንግሥት ጦር እጅ ሳለች እዚያ አገልግለዋል። ቡና ላይ አግኝቼ ስለ ባሕሩ ክረምት ጠየቅኋቸው። «የቱን ክረምት?» አሉኝ እሳቸውም። «በምጽዋ ሐምሌ እሳት ነው፤ ድንጋዩ ያቃጥላል። ዝናቡም ቀዝቃዛውም ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ያኔ የአስመራ ሰው ብርድ ሲሸሽ 115 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ ይመጣል። እንግዳ የሚበዛው በክረምት ነው።» መጽሐፉ ከሚለው ፍጹም ተቃራኒ ነው። ስለ ውሃው ስጠይቃቸው ግን ብዙ አላወሩም። ጥዋለት የሚባለውን ደሴትና ወደ እሱ የሚወስደውን ድልድይ መንገድ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሣሉልኝ፤ ከዚያ የፈሰሰውን ቡና በመዳፋቸው ጠረጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን የዞርሁት ስለሚከብደኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በጥር 2012 ዓ.ም. ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ በሞያሌ በኩል ወጣ። አባታችን ሁለት በሬ ሸጡ፤ ማሳውንም በወለድ አገድ ሰጡ። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደውን ወጣት ብዛት ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም፤ በየዶርሙ ቢያንስ አንድ የዚህ ገንዘብ ተማሪ አለ፤ እኔም አንዱ ነኝ። በመጋቢት ወር በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች አየር አጥሯቸው ሞተው ተገኙ። ወሬው ሆመቾ ሲደርስ ወንድማችን በመንገድ ላይ ነበር። ስልኩ ዘግቷል። እናቴ ዐሥራ አንድ ቀን ከቡና በቀር አልቀመሰችም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ከማላዊ ደወለ። «ደህና ነኝ፤ ዝናብ ነው» አለ። ሌላ አላለም።

ዛሬ ከደርባን በስተ ደቡብ ባለች አነስተኛ የባሕር ዳር ከተማ ሱቅ ይሠራል። እነሆ የመምህሬ ከተማ! ደግሞም ያ አገር ከምድር ወገብ በታች ስለ ሆነ ክረምቱ ከእኛው ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። በሻማው ብርሃን ይህን ሳስብ የቤት ሥራዬ ያለቀ መሰለኝ። መብራት ሲመጣ ጥያቄ ጽፌ ላክሁለት፤ ሰዎች በክረምት ምን ያደርጋሉ? ባሕሩ ምን ይመስላል? ሱቆች ይዘጋሉ?

ምላሹ በድምፅ መጣ። ክረምት ይሉታል እንጂ ዝናብ የለም፤ ቀኑ እንደ እኛ ጥቅምት ነው፤ ማታ ማታ ብቻ ይበርዳል። የጆሃንስበርግ ሰው ብርድ ሸሽቶ በሐምሌ የሚወርደው ወደ እነሱ ነው። በዚሁ ወራት እኛ በቆርቆሮ የምናውቀው ሰርዲን በመንጋ ሆኖ በጠረፉ ያልፋል፤ ወፎቹ ከላይ ሲወርዱ የታየ እንደ ሆነ ሰው ባልዲና ቅርጫት ይዞ ይሮጣል። «ይህን ግን ደንበኞች ነገሩኝ እንጂ አላየሁም» አለ። ሱቁ ከባሕሩ ራቅ ብሎ በድኾች ሰፈር ነው። የሚተኛው ከሱቁ ኋላ ነው። ዳቦና የስልክ ካርድ የሚያቀብለው በብረት ፍርግርግ ነው፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በደርባን የውጭ አገር ሰዎች ሱቆች ከተዘረፉ ወዲህ ፍርግርግ የሌለው ሱቅ የሚከፍት የአገር ልጅ የለም። ጎሕ ሲቀድ ይከፍታል፤ ሌሊት ይዘጋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ባሕሩን ያየው ሦስት ጊዜ ነው።

«አራተኛው ላንተ ስል ይሆናል» አለኝ። በእሑድ ሱቁን ለባልንጀራው ትቶ ሄደ። ከዚያ አንድ ደቂቃ የሚያህል ድምፅ ላከልን። ንግግር የለበትም። የውሃው ድምፅ ብቻ ነው፤ ይመጣል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል። በመጨረሻ ላይ ብቻ «እግሬን ነከርሁ፤ ለእማዬ ንገራት» ይላል።

እናቴ ስልኩን በጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች። ውጭ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርድ ስለ ነበር ሁለቱ ተደባለቁባት። ስልኩን አንሥታ ጣራውን አየች፤ መልሳ አዳመጠች። «እዚያም ይዘንባል ማለት ነው» አለች። አይደለም፣ ባሕር ነው፣ እዚያ ክረምቱ ደረቅ ነው ብዬ ላስረዳት ጀመርሁ። «ዝም በል፤ የኛው ቆርቆሮ ነው» አለችኝ። ተውኋት።

ያ ቆርቆሮ የተገዛው በእሱ ገንዘብ ነው። ከእኛ ቤት ወዲያ ደግሞ ሰማያዊ መስታወት ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ፤ ባለቤቱ ሳይገባበት አራት ክረምት አለፈው። ዘበኛው በረንዳው ላይ ድንች ይልጣል። መጽሐፉ ስለ ተዘጉት ሆቴሎች ያለው እዚህ ላይ ትዝ አለኝ።

ታናሽ ወንድማችን ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ይገባል። ያን ድምፅ እሱም ሰማ፤ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ማታ በአንድ አልጋ ተኝተን ሳለ በጨለማው ውስጥ «አሁን ስንት ብር ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ምኑ አላልሁትም፤ ገብቶኛል። ስለ ኮንቴይነሩ ነገርሁት። «አውቃለሁ» አለ። ስለ ፍርግርጉ ነገርሁት። «አንተስ በማን ገንዘብ ትማራለህ?» አለኝ። በቍጣ አይደለም የተናገረው፤ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ነው። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ስለ ሰው ልብ ሁለት ዓመት የተማርሁ፣ መልስ አጣሁ። ፍራሼ የእሱ ነው፤ ጫማዬ የእሱ ነው፤ ይህን የምጽፍበት ወረቀትም የእሱ ነው። ትምህርት ይሻላል እንዳልለው፣ ተመርቀው በሆሳዕና አስፋልት ላይ ሥራ ሲጠብቁ የሚውሉትን በስም ያውቃቸዋል። «ቆይ፣ እስክመረቅ ጠብቀኝ» አልሁት። «ስንት ዓመት?» አለ። ሁለት አልሁት። ዝም አለ፤ ተኝቶ ይሁን እየቆጠረ አላወቅሁም።

የቤት ሥራውን በነሐሴ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀደድሁት። አንዱ ጉም በዛበት፤ አንዱ ደግሞ ሰርዲን። መምህሩ ቢጠይቁኝ የምሰጣቸው ይኸንኑ ነው።

መስከረም ጠባ፤ ሰማዩ ተገለጠ። ለያሆዴ በሬው ታረደ፤ የተጠራቀመው ቅቤ ወጣ፤ እናቴም የታላቅ ወንድሜን ድርሻ በትንሽ ጣባ ለብቻ አስቀመጠች። ወደ አዲስ አበባ በምመለስበት ዋዜማ ቤቱ ጭር ባለ ጊዜ ጠራችኝ። ዝናብ ካቆመ ሳምንት ሆኖታል። ቆርቆሮው ዝም ብሏል።

«ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ ክፈትልኝ» አለች።