ስለ ቤሌም ሰዎች የኳስ ማኅበር

በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝቦን፥ የቴጆ ወንዝ ወደ ባሕር ሊገባ ሲቃረብ፥ በሰሜኑ ዳር ቤሌም የተባለ ሰፈር አለ። ስሙ በፖርቱጋሎች አፍ ተለወጠ እንጂ ቤተ ልሔም ማለት ነው። በዚህ ሰፈር የተመሠረተው የእግር ኳስ ማኅበር «ኦስ ቤሌኔንሴስ» ይባላል፤ ቢተረጐም «ቤተ ልሔማውያን» ይሆናል። ቤተ ልሔም የእንጀራ ቤት ማለት እንደ ሆነ ለሚያውቅ አንባቢ፥ የከተማው ሰዎች የማኅበሩን ወገኖች በሰፈሩ በሚጋገረው ጣፋጭ ስም «ፓስቴይሽ» እያሉ መጥራታቸው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ግን ዕብራይስጡን አስበው አይመስልም።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1919 ዓ.ም. ነው፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ዋናው መሥራች አርቱር ጆዜ ፔሬይራ የተባለ የቤሌም ልጅ ሲሆን፥ አስቀድሞ ለቤንፊካና ለስፖርቲንግ የተጫወተ ሰው ነበር። የሰፈሩ ልጆች ችሎታ ለሌላው ሰፈር ክብር ብቻ መዋሉ ቢቈጨው ባልንጀሮቹን ሰብስቦ መከረ። ምክሩም የተደረገው በአዳራሽ ሳይሆን በአደባባይ አትክልት ውስጥ በተተከለ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ይባላል።

ያ አደባባይ የተሰየመው በአፎንሶ ደ አልቡከርኬ ነው። ይህ ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ንግሥት እሌኒ የላከችው ማቴዎስ በ1512 ጎዋ ሲደርስ የተቀበለው እርሱ ነውና። ጸጋ ዘአብም በ1527 ሊዝቦን ሲገባ የቤሌም ታላቅ ገዳም ገና ይታነጽ ነበር። የማኅበሩ ዓርማ በዚያ ዘመን በፖርቱጋል መርከቦች ሸራ ላይ ይታይ የነበረው፥ የክርስቶስ መስቀል የሚሉት ቀይ መስቀል ነው፤ ልብሱም ሰማያዊ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ሁሉ በፍቅር የሚነሣው ፔፔ እየተባለ የሚጠራው ጆዜ ማኑኤል ሶዋሬስ ነው። በ1908 ተወለደ፤ በ1926 ገና የዐሥራ ስምንት ዓመት ጕብል ሳለ ከቤንፊካ ጋራ ለመጫወት ወጣ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቤሌኔንሴስ 4 ለ 1 ተሸንፎ ነበር፤ ነገር ግን ፍጻሜው 5 ለ 4 ሆኖ ቤሌኔንሴስ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ተስፋ በተቈረጠበት ሰዓት የሚደረገውን ትግል «የቤሌኔንሴስ ሩብ ሰዓት» ይሉታል። ፔፔ በ1928 በአምስተርዳም በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ለአገሩ ተሰለፈ። በጥቅምት 1931 ግን በስሕተት የተመረዘ ምግብ በልቶ በ23 ዓመቱ ሞተ። የፖርቶ ማኅበር ወደ ቤሌኔንሴስ ሜዳ ለመጫወት ሲመጣ በፔፔ መታሰቢያ ሐውልት ሥር አበባ የማኖር ልማድ አለው። ተቃራኒ ለተቃራኒ እንዲህ ያለ ወግ መጠበቁ በኳስ ሜዳ ብዙ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ታላቁ ዘመን 1946 ነው። የመጨረሻው ጨዋታ በስፔን ወሰን አጠገብ ባለችው በኤልቫስ ከተማ ነበረ፤ ቤሌኔንሴስ 2 ለ 1 አሸንፎ በ38 ነጥብ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ፤ ቤንፊካ 37 ነጥብ ይዞ ተከተለ። በረኛው ካፔላና ተከላካዮቹ ቫስኮና ፌሊሲያኖ በወንዙ ዳር በቆመው አሮጌ ግንብ ምሳሌ «የቤሌም ግንቦች» ተባሉ። ከቤንፊካ፥ ከስፖርቲንግና ከፖርቶ በቀር የአገሩን ሻምፒዮንነት ያገኙ ሁለት ማኅበሮች ብቻ ናቸው፤ ሁለተኛው ቦዋቪሽታ እስኪመጣ ድረስ 55 ዓመት አለፈ። በታኅሣሥ 1947 ሪያል ማድሪድ አዲሱን ሜዳውን ሲመርቅ ለምረቃው የተጋበዘው ይኸው ማኅበር ነበር፤ 3 ለ 1 ቢሸነፍም።

ሁለተኛውን ሻምፒዮንነት ያሳጣው አራት ደቂቃ ነው። በ1951 ከሞዛምቢክ የመጣው ማታቴው በ1955 ዓመት ብቻ 32 ግብ አስቈጥሮ ነበር። በመጨረሻው ቀን ቤሌኔንሴስ በራሱ ሜዳ ስፖርቲንግን 2 ለ 1 ይመራል፤ አራት ደቂቃ ሲቀር ስፖርቲንግ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። ቤሌኔንሴስና ቤንፊካ በ39 ነጥብ እኩል ሆኑ፤ በውድድሩ ደንብ ግን ቤንፊካ ተመረጠ። ሩብ ሰዓት ይበቃው የነበረ ማኅበር በአራት ደቂቃ ተቀጣ። በተከተለው ዓመት፥ በ1956፥ ቴጆን ቍልቍል የሚያይ ሬስቴሎ የተባለ አዲስ ሜዳ ተመረቀ። የአገሩንም ዋንጫ በ1942፥ በ1960ና በ1989 ወሰደ። ነገር ግን በ1982 ወደ ሁለተኛው ክፍል የመውረድን ዕፍረት ቀመሰ፤ ከዚያም በኋላ መውጣትና መውረድ ሆነ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ከሜዳ ሳይሆን ከወረቀት ነው። ማኅበሩ የኳሱን ሥራ የሚያካሂድ የአክሲዮን ኩባንያ አቋቁሞ ነበር፤ በ2012 ከአክሲዮኑ ከግማሽ የሚበልጠው ከማኅበሩ ውጭ ለሆነ ባለገንዘብ ተሸጠ። ሁለቱ አልተስማሙም። በ2018 የሜዳው ውል ሲያበቃ ኩባንያው ተጫዋቾቹንና የአንደኛውን ክፍል ቦታ ይዞ ወጣ፤ ማኅበሩ ሜዳውን፥ አባሎቹንና መስቀሉን ይዞ ቀረ። ፍርድ ቤትም ኩባንያው በዓርማው እንዳይጠቀም ከለከለ።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ፥ ገዢው ሰሙን ገዛ፥ ወርቁ ግን በሬስቴሎ ቀረ ሳይል አይቀርም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሻጩ ራሱ ማኅበሩ ነበር፤ የገዛም ሰው ገንዘቡን አውጥቷል። ለኩባንያው የተጫወቱትስ ወጣቶች ምን በደሉ? በኅዳር 2021 ብዙዎቹ በኮሮና ተይዘው ዘጠኝ ብቻ ሆነው ከቤንፊካ ፊት ቆሙ፤ ከዘጠኙም ሁለቱ በረኞች ነበሩ። እስከ ዕረፍት 7 ለ 0 ተመቱ፤ ከዕረፍት በኋላ ሰባት ሆነው ተመለሱ፤ ወዲያው አንዱ መጫወት ስላልቻለ ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠ። ይህን ያየ ሁሉ፥ የሬስቴሎም ሰው ቢሆን፥ ለመሣቅ አይደፍርም።

ማኅበሩ ግን በ2018 ከስድስተኛው፥ ከሊዝቦን አውራጃ ከመጨረሻው ክፍል፥ ጀመረ። ወደ 20000 ሰው በሚይዝ ሜዳ ላይ የሰፈር ቡድኖች መጥተው ይጫወቱ ጀመር። በየዓመቱ አንድ ደረጃ እየወጣ በአምስት ዓመት አምስት ጊዜ ከፍ አለ። በ2023 ወደ ሁለተኛው ክፍል ሲገባ፥ በ2022 ከአንደኛው የወረደው ኩባንያ በዚያው ዓመት ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይወርድ ነበር፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ በአንድ ደረጃ ላይ ተላለፉ።

በ2024 ቤሌኔንሴስም ተመልሶ ወደ ሦስተኛው ክፍል ወረደ። አባሎቹ ግን ወደ ሬስቴሎ መውጣታቸውን አልተዉም፤ ከመቀመጫው ሆነው ወንዙን ያያሉ፤ በተጫዋቾቹም ሰማያዊ ልብስ ላይ ቀዩ መስቀል አለ።